የሞተር ዘይት ሲበዛ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና

ባለፈው ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ በበረታበት ሰሞን፣ አጎቴን ለመጠየቅ ወደ ደብረ ሲና ከመውረዴ በፊት የመኪናዬን የሞተር ዘይት አስቀየርሁ። መኪናዬ 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት ቶዮታ ኮሮላ ስትሆን፣ ዘይቷን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ወጣቱ መካኒክ አሮጌውን ዘይት አፍስሶ፣ ቡሎኑን መልሶ አጥብቆ፣ 4 ሊትር የሚይዘውን አዲስ ጀሪካን በሙሉ ከገለበጠ በኋላ ጀሪካኑን ዘቅዝቆ እያሳየኝ «ይኸው ጋሼ፣ አንድ ጠብታ አልቀረም» አለኝ። እኔም አመስግኜ ሄድሁ። የዘይቱን መለኪያ ብረት መዝዞ ያየ ግን አልነበረም፤ እርሱም አላየ፣ እኔም አላየሁ።

ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ድረስ መንገዱ በአመዛኙ ደጋማ ሜዳ ስለሆነ ምንም አልታወቀኝም። ሞተሩ ትንሽ የከበደው መስሎኝ ነበር፤ ይህንንም ለብርዱ ሰጠሁት። ነገሩ የተገለጠው ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛና እጅግ ተዳፋት በመሆኑ፣ ፍሬን እንዳይግል በማሰብ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ፣ ቤንዚን ሳልረግጥ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘኝ እያደረግሁ ወረድሁ። አንድ ጥምዝ ጨርሼ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ቤንዚን ስረግጥ በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ጭስ መንገዱን ሸፍኖታል። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገልኝ። በዳሽቦርዱ ላይ ግን አንድም መብራት አልበራም።

ይህ የመብራቱ ዝምታ ብዙ ሰው የሚያሳስት በመሆኑ እዚሁ ላይ ልናገረው። በዳሽቦርድ ላይ የምናየው ቀዩ የዘይት መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም። ግፊቱ ከተወሰነ ወለል በታች እስካልወረደ ድረስ፣ ሞተሩ ውስጥ አንድ ሊትር ትርፍ ዘይት ቢኖርም አይበራም። ስለዚህ የዘይትን መብዛት የሚነግረን ያ ከኮፈኑ ሥር ተሰክቶ የሚገኘው ቀጭን የብረት መለኪያ ብቻ ነው።

አጎቴ በጡረታ እስኪገለል ድረስ በደሴ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጭሱን ስነግረው ሻይ እንኳ ሳያስጨርሰኝ ተነሣ። «ዘይት መቼ ቀየርህ?» ሲል ጠየቀኝ። «ትናንት ነው፣ ጋሼ» አልሁት። «እንግዲያውስ በዝቷል፤ እንዳታስነሣት» አለኝ። መኪናዋ ግን በዳገት ላይ ቆማ ነበርና እዚያው መለካት አልቻልንም። ደብረ ሲና ተራራ ላይ የተሠራች ከተማ በመሆኗ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሁለት ጎረምሶች ጠርተን፣ መኪናዋን ሳናስነሣ እየገፋን ከቤቱ ጎን ወዳለው ለጥ ያለ ቦታ አመጣናት። አጎቴም ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ሃይላንድ በሞተሩ ላይ አጋድሞ የውሃውን መስመር በማየት ምድሩ እኩል መሆኑን አረጋገጠ። ያን ያህል መጠንቀቁ የበዛ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን መኪና ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካዘነበለች ዘይቱ በመያዣው ውስጥ ወደ አንድ ወገን ስለሚሰበሰብ መለኪያው ሐሰት ይናገራል።

አለካኩም ሥርዓት አለው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ላይ ላዩን ያለው ዘይት ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ በሥሩ ወዳለው መያዣ እስኪጠራቀም ድረስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ወዲያው የለካ ሰው ከእውነቱ ያነሰ ያያል። መለኪያው መጀመሪያ ሲመዘዝ በቱቦው ግድግዳ ላይ የተቀባውን ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ንባቡ አይታመንም፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ፣ እስከ መጨረሻው ተሰክቶ፣ እንደገና መውጣት አለበት። ከዚያም ሁለቱም ገጾቹ ይታያሉ፤ አንደኛው ገጽ ከሌላው ከፍ ያለ ምልክት ካሳየ ዝቅ ያለው ይታመናል። ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ዘይት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በመቶኛ 0.07 ገደማ ስለሚሰፋ፣ በ10 ዲግሪ ብርድ የተለካ 3.7 ሊትር ዘይት 90 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምሮ ይገኛል። ትንሽ ከምልክቱ ያለፈ ዘይት አይቶ ከመደናገጥ በፊት ይህን ማሰብ ተገቢ ነው።

የእኔ ግን ትንሽ አልነበረም። በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ርቀት በብዙ የቤት መኪኖች ከአንድ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚሆን ዘይት ይወክላል፤ የእኔ መለኪያ ላይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ከዚያ ርቀት ብዙም ባልራቀ መጠን ወጥቶ ነበር። አጎቴ የመለኪያውን ጫፍ በጣቶቹ አሻሽቶ አሸተተው። ይህን ያደረገው ዘይት ሰው ሳይጨምረው ራሱ ሊበዛ ስለሚችል ነው። ቤንዚን ወደ ዘይቱ የሚገባ ከሆነ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ቤንዚንም ቤንዚን ይሸታል፤ የራዲያተር ውሃ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ ትርፉን መቅዳት ከንቱ ድካም በሆነ ነበር፣ ምክንያቱም ሕመሙ ሌላ ነው። የእኔ ዘይት ግን የጠራ፣ ወርቃማ፣ ሽታው ደኅና ነበር። እግረ መንገዴን ለደብረ ብርሃን ሰዎች አንድ ነገር ልበል፦ በብርድ ወራት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና፣ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ስለሚጠፋ፣ በዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ቢጫማ ቅባት የመሰለ አረፋ ልትይዝ ትችላለች። ይህ ብዙ ጊዜ ከአየር የተጠራቀመ እርጥበት ነው፤ በመለኪያው ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለ ቴስታታ ለማስፈታት አያስቸኩልም።

ዘይቱ እንዴት ይህን ያህል እንደበዛ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ሒሳቡ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የእኔ ሞተር ፊልትሮው ሲቀየር 3.7 ሊትር፣ ፊልትሮው ሳይቀየር ሲቀር 3.4 ሊትር ይወስዳል። ያን ዕለት ፊልትሮ አልተቀየረም፤ ስለዚህ 4 ሊትሩ በሙሉ ሲገባ ከመነሻው 600 ሚሊ ሊትር ትርፍ ነበረው። በዚያ ላይ መኪናዋ የጋራዡ በር ላይ አዘንብላ ቆማ፣ ሞተሩ በብርድ እንደተኛ፣ ዘይቱ ሳይሞቅ ነው የፈሰሰው። ቀድሞ የነበረው ዘይት 20ደብሊው-50 የሚባለው ወፍራም ዓይነት ስለነበር በውርጭ ጠዋት እንደ ማር ወፍሮ ይንጠባጠባል፤ ቡሎኑ ቶሎ ሲመለስ ግማሽ ሊትር ያህል ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። 600 ሚሊ ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር ሲደመር 1.1 ሊትር ይሆናል።

«ዘይት ቢያንስ እንጂ ቢበዛ ምን ይጎዳል» የሚለውን አነጋገር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፣ እኔም አምኜበት ኖሬአለሁ። ስሕተት ነው። በሞተሩ ሥር ባለው መያዣ ውስጥ ዘይቱ የሚቆምበት ከፍታ የተወሰነው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዘንግ) በላዩ ሲሽከረከር እንዳይነካው ተብሎ ነው። ዘይቱ ከፍ ሲል፣ በደቂቃ ሁለትና ሦስት ሺህ ጊዜ የሚዞሩት ከባድ ክንፎቹ ዘይቱን ይመቱታል፣ ይገርፉታል፣ አየር ያስገቡበታል፤ ልክ እርጎ በቅል ሲናጥ እንደሚሆነው ዘይቱ አረፋ ይሆናል። የዘይት ፓምፑ ደግሞ ያገኘውን ስለሚስብ አየር የተቀላቀለበትን ዘይት ወደ ክራንክሻፍቱ ማረፊያዎች ይልካል። ዘይት ሲጨመቅ አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ ብረትን ከብረት የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ይሳሳል። እንደ እኔ ያለው ሞተር የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስተካክለውና የሞተሩን ሰንሰለት የሚወጥረው በዘይት ግፊት በመሆኑ፣ አረፋው ለእርሱ ተጨማሪ ፈተና ነው። ብዙ ዘይት የጨመረ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው፣ ዘይት ያነሰው ሞተር የሚያገኘውን ዓይነት ጉዳት ነው።

ጭሱስ? ሞተር መተንፈሻ አለው። በፒስተኖቹ ጎን አልፎ ወደ ታች የሚገባው ጋዝ በአንድ ትንሽ ቫልቭና በጎማ ቱቦ በኩል ወደ አየር መግቢያው ተመልሶ እንዲቃጠል ይደረጋል። ዘይቱ ሲበዛና ሲረጭ በዚሁ መንገድ ጉም እየሆነ አብሮ ይሄዳል። ቤንዚን ሳይረገጥ ቁልቁለት ሲወረድ ደግሞ በአየር መግቢያው ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል እጅግ ስለሚበረታ ዘይቱን ይበልጥ ይጎትተዋል፤ የተጠራቀመው ዘይት ቤንዚን ሲረገጥ በአንዴ ይነድዳል። የጣርማ በር ቁልቁለት በእኔ መኪና ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሜዳ ለሜዳ ብሄድ ኖሮ ምናልባት ለብዙ ቀናት አላውቀውም ነበር።

ትርፉን ለማውጣት ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የታችኛውን ቡሎን አላልቶ ማፍሰስ ነው፤ የታወቀ ቢሆንም ዘይቱ በኃይል ስለሚወጣ በተፈለገው መጠን ላይ ማቆም ያስቸግራል፣ የሞቀ ከሆነም እጅ ያቃጥላል፣ የቡሎኑ ሮንዴላም አዲስ ካልተደረገ በኋላ ማንጠባጠብ ሊጀምር ይችላል። ክሪክ ብቻ ተማምኖ ከመኪና ሥር መግባት ደግሞ በፍጹም አይገባም። በአንዳንድ መኪኖች የሞተሩና የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ማፍሰሻ ቡሎኖች ስለሚቀራረቡ የተሳሳተውን ፈትቶ የካምቢዮውን ዘይት የሚያፈስ ሰው አለ፤ ያ ሰው ሞተሩ ውስጥ የነበረው ላይ አዲስ ደርቦ እጥፍ ዘይት ይሞላል፣ ካምቢዮውንም ባዶ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ፊልትሮውን ፈትቶ በውስጡ ያለውን ደፍቶ መልሶ ማሰር ነው፤ በእኔ ሞተር ይህ ወደ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀንሳል፣ ትርፉ ጥቂት ለሆነበት ሰው ይበቃል።

እኛ የመረጥነው ሦስተኛውን ነው፤ በመለኪያው ቱቦ በኩል መቅዳት። አጎቴ ልጁን ልኮ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አዲስ ሲሪንጅ፣ ከመድኃኒት ቤትም የግሉኮስ ቱቦ አስገዛ። ቱቦውን ከብረቱ መለኪያ ጋር አስተካክለን ርዝመቱን በፕላስተር ምልክት አደረግንበት፤ ይህም ጫፉ ዘይቱ ውስጥ መግባቱን ለማወቅና ከልክ በላይ ሰደን በውስጥ እንዳይጠመዘዝብን ነው። እንዲህ ያለው ስስ ፕላስቲክ በጋለ ዘይት ውስጥ ስለሚልም፣ ሞተሩ ለብ እስኪል ድረስ ሌላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያም በ50 ሚሊ ሊትር፣ በ50 ሚሊ ሊትር እየቀዳን ወደ ንጹሕና ደረቅ ሃይላንድ ገለበጥን። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ከ15ኛው በኋላ ቆም ብለን ለካን፤ ገና ነበር። በ22ኛው ላይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ጥቂት ዝቅ ብሎ ቆመ፤ 22 ጊዜ 50 ሚሊ ሊትር 1.1 ሊትር ነው። ቤንዚን በአፍ እየሳቡ መቅዳት የለመዱ ሾፌሮች ይህንንም በአፍ ለመጀመር እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ፤ ሞተር ውስጥ የቆየ ዘይት ለቆዳ እንኳ ክፉ ነው፣ ለሳንባና ለጨጓራ ደግሞ ከዚያ የባሰ።

ሞተሩን አስነሥተን ሁለት ደቂቃ አቆየነው፣ አጠፋነው፣ 10 ደቂቃ ጠብቀን እንደገና ለካን፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከላይኛው አጠገብ ነበር። የአየር መግቢያውን ጎማ ፈትተን ስናይ ውስጡ በዘይት ወዝቶ ስላገኘነው በጨርቅ ጠረግነው፤ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት ከአራቱ ካንዴላዎችም አንዱ ጫፉ ረጥቦ ነበርና ወልውለን መለስነው። (ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ሮንዴላ፣ ፓራኦሊዮ የሚሉት የጋራዥ ቃሎቻችን ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ የጣርማ በርን ዋሻ የፈለፈለውም ያው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የነበረው የጣሊያን አስተዳደር ነው።) ሌሊቱን ከሞተሩ ሥር ካርቶን አነጠፍን። ዘይት ሲበዛ በሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ፓራኦሊዮዎቹን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽጉትን ጎማዎች) ሊገፋቸው ስለሚችል ጠዋት ላይ ካርቶኑን ማየት ጥሩ ነው። የእኔ ካርቶን ደረቅ ሆኖ አደረ። ጭሱ ወዲያው ግን አልጠፋም፤ ስመለስ የጣርማ በርን ዳገት ግማሽ እስክወጣ ድረስ ስስ ሰማያዊ ጭስ ይታይ ነበር፤ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) መስመር ላይ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ሲያልቅ ጠራ።

ምን ያህል ሲበዛ ነው መደንገጥ ያለብን? ከላይኛው ምልክት ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ቢያልፍ እኔ ምንም አላደርግም፤ መኪናዬን እነዳለሁ። በምልክቶቹ መካከል ካለው ርቀት እስከ ሩብ ያህል ቢያልፍ በከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ እየነዳሁ በዚያው ቀን አስቀንሳለሁ። ግማሹን ካለፈ ግን ሞተሩን አላስነሣም፤ ጋራዡ ሩቅ ከሆነ እንደ አጎቴ ሲሪንጅና ቱቦ እፈልጋለሁ። ይህ የራሴ ፍርድ ነው፤ የመኪናው መመሪያ ከዚህ የጠበቀ ነገር ካለ መመሪያው ይበልጣል።

የናፍጣ መኪና ያላቸው ሰዎች ከእኔም በላይ መጠንቀቅ አለባቸው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለማይፈልግ በመተንፈሻው በኩል የሚደርሰውን ዘይት እንደ ነዳጅ ቆጥሮ ሊያነድደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁልፉ ቢጠፋም ሞተሩ አይጠፋም፣ እንዲያውም እየጮኸ ፍጥነቱን ይጨምራል። አጎቴ በሥራ ዘመኑ ይህ ሲሆን አንድ ጊዜ አይቷል። «ማርሹን ከፍተኛው ላይ አግብተህ፣ ፍሬኑን በሙሉ ኃይልህ ይዘህ፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው፤ አለዚያ አየር የሚስብበትን አፍ በጣውላ መድፈን፤ በእጅ ግን አይነካም» ብሎ ነገረኝ።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ወደ ጋራዡ ሄጄ ለወጣቱ መካኒክ በእርጋታ ነገርሁት። አልተቆጣም፣ አልካደምም። የመለሰልኝ ቃል ግን እስካሁን ያሳስበኛል፦ «ጋሼ፣ ባለመኪናው የገዛውን ዘይት ሙሉውን ካላስገባንለት ሰረቃችሁኝ ነው የሚለን። ጀሪካን ውስጥ ትንሽ ቢቀር ስንቱ ተጣልቶን ሄዷል!» እውነቱን ነው። ዘይት ውድ ነው፣ ሰው ገንዘቡን ይፈልጋል፣ የተራገፈ ጀሪካን ደግሞ የታማኝነት ምስክር ሆኖ ኖሯል። እኔም ያን ዕለት ጀሪካኑ ተዘቅዝቆ ሲታየኝ ያመሰገንሁት ለዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእርሱ ጋር ስምምነት አድርገናል፤ መጀመሪያ ሞተሩ ለብ ይላል፣ መኪናዋ በደልዳላው ላይ ትቆማለች፣ ቡሎኑ ከተፈታ በኋላ ጠብታው እስኪቆም ይጠበቃል፣ ከዚያ 3 ሊትር ብቻ ገብቶ ሞተሩ ይነሣና ይጠፋል፣ የቀረው እየተለካ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። የተረፈውን ጀሪካኑን ከድኜ ይዤ እሄዳለሁ፤ እርሱም ሊያስረክበኝ አያፍርም፣ እኔም አልጠረጥረውም።

ከሞተሩ የቀዳነውን 1.1 ሊትር አልደፋሁትም። ወደ አፈር ወይም ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርድ ቦይ ውስጥ ዘይት መድፋት ለከብቱም ለሰውም ጉዳት ነው። አዲስ ዘይት በመሆኑ፣ በንጹሕ ዕቃ ተቀድቶ በመከደኑ፣ ለዚያው ሞተር በዚያው የ5,000 ኪሎ ሜትር ጊዜ ውስጥ ለመጨመሪያ ይሆናል። እስከ ግንቦት ድረስ መለኪያው ሁለት ጊዜ ዝቅ ብሎ ስላገኘሁት ከእርሱ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምሬአለሁ፤ ቀሪው በግንቦቱ ቅያሪ ከአሮጌው ጋር ወደ ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ገባ።